ምዕራፍ 7፦ ሰዓቱ የለካውና ሰዓቱ የነገረን

የሰዓት ሥራ ሙያ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲደክም የኖረው ሰዓቱን ከውጭው ዓለም ለመነጠል ነው። ሙቀት የሞላውን ብረት ሲያላላው ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ማግኔት ሲጠጋው ይዛባል፤ እርጥበት ሲገባበት ይዝጋል፤ አቧራ ሲገባበት ጥርሶቹ ይያያዛሉ። ስለዚህ ጥሩ ሰዓት የሚባለው ይህን ሁሉ እንዳልሰማ የሚያልፈው ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ሻርል ኤዱዋር ጊዮም እ.ኤ.አ. በ1920 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተሸለመው በኒኬልና በብረት ቅይጦች ላይ ባደረገው ምርምር ነው። ከግኝቶቹ አንዱ የሆነው ኤሊንቫር፣ ሙቀት ቢጨምርም ቢቀንስም የመለጠጥ ጠባዩ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ለሰዓት ሞላ መሥሪያ ዋለ። ለዚያ ዘመን ሰዓት ሠሪ አካባቢውን የሚያዳምጥ ሰዓት ማለት የተበላሸ ሰዓት ማለት ነበር።

ዛሬ ከፍታን፣ የአየር ግፊትን፣ ሙቀትንና አቅጣጫን የሚለኩ የእጅ ሰዓቶች በየሱቁ ይሸጣሉ። እነዚህን የሚነድፍ መሐንዲስ ሥራው ከቀድሞው ተገልብጦበታል፤ አየሩን ማስገባት፣ ውሃውንና አቧራውን ግን ማስቀረት አለበት። ብዙ ሰው የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ሴንሰሩን አሳንሶ ከሰዓቱ ውስጥ ማስቀመጥ ይመስለዋል። ያኛው ክፍል ከሞላ ጎደል ተፈቷል፤ የአየር ግፊት የሚለካ ቺፕ ዛሬ ወርዱም ቁመቱም ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ያልተፈታው ሌላ ነው። ሴንሰር የሚለካው እሱ ራሱ ያለበትን ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ያለበት ቦታ ደግሞ የሰው ክንድ ነው። ስክሪኑ ላይ "ከፍታ 2,410 ሜትር" ወይም "ሙቀት 24 ዲግሪ" የሚል ቁጥር ሲወጣ፣ ሴንሰሩ የለካው ሌላ፣ ሰዓቱ የሚነግረን ሌላ ነው፤ በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ግምት ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው የእንዲህ ያለውን ሰዓት ጥራት የሚያሳየው ግምቱን በምን ያህል ታማኝነት እንደያዘ እንጂ በውስጡ ስንት ሴንሰር እንዳለ አይደለም ብዬ ነው።

ከሁሉ ቀላል በሚመስለው በሙቀት እንጀምር። የክንድ ቆዳ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። የሰዓቱ የኋላ ክዳን ቆዳው ላይ ተለጥፎ ይውላል፤ ብረቱ ሙቀቱን እየተቀበለ ወደ ሴንሰሩ ያደርሳል፤ የሰዓቱ ፊት ላይ ደግሞ ፀሐይ ያርፍበታል። ስለዚህ የሚገኘው ቁጥር የቆዳው፣ የአየሩና የፀሐዩ ድብልቅ ነው። የክፍሉን ሙቀት ለማወቅ ቴርሞሜትሩን ከጋለ ምጣድ አጠገብ እንደ መስቀል ያለ ነው። የካሲዮ ኩባንያ የሰዓት መመሪያዎች ይህን አይደብቁም፤ ትክክለኛውን የአየር ሙቀት የፈለገ ሰው ሰዓቱን ከክንዱ አውልቆ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራሉ። ምክሩ የታመነ ምክር ነው። ሆኖም ምን እንደሚል ልብ እንበል፦ የእጅ ሰዓቱ የአየሩን ሙቀት በደንብ የሚለካው ከእጅ ሲወልቅ ነው።

የሚገርመው ያው የክንድ ሙቀት ለሰዓቱ ዋና ሥራ ውለታ የሚውል መሆኑ ነው። በኳርትዝ ሰዓት ውስጥ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገበው ክሪስታል ፍጥነቱ የሚረጋው በ25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ሙቀቱ ቢወጣም ቢወርድም ይዘገያል፤ 0 ዲግሪ በሆነ ስፍራ ቢተው በቀን ወደ 2 ሴኮንድ ያጎድላል። ክንድ ላይ የዋለ ሰዓት ጊዜን በደንብ የሚጠብቀው ክንዱ ስለሚያሞቀው ነው። እንግዲህ ንድፍ አውጪው ለጊዜው ሲል የሚፈልገውን ሙቀት ለቴርሞሜትሩ ሲል ሊሸሸው አይችልም።

ከዚህ አጣብቂኝ መውጫ የሆኑ ሁለት የተከበሩ መንገዶች አሉ። አንደኛው መለካት የሚቻልበትን ሁኔታ መምረጥ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ በተሻለ ስለሚያስተላልፍ፣ በጠላቂ ክንድ ላይ ያለ ሰዓት በፍጥነት የውሃውን ሙቀት ይይዛል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው አልትራ ሰዓት ላይ የውሃ ሙቀት መለኪያ ያስገባው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጥያቄውን ራሱን መለወጥ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የአፕል ሲሪስ 8 ሰዓት ሁለት የሙቀት ሴንሰሮች አሉት፤ አንዱ ቆዳው አጠገብ፣ ሌላው ከስክሪኑ ሥር። ሥራቸው ሰውየው ተኝቶ ሳለ የክንዱን ሙቀት መከታተል ነው። ለተጠቃሚው በቅድሚያ የሚቀርበውም ሙቀቱ ከራሱ ከሰውየው የተለመደ ልክ ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ነው። ይህ ውሳኔ ሊደነቅ ይገባዋል። ክንድ ላይ ያለው መሣሪያ ስለ ክንዱ እንዲመሰክር ተፈቀደለት፤ ስለማያውቀው ነገር እንዲናገር አልተገደደም።

የአየር ግፊት ታሪክ ረዘም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1962 ፋቭር ሉባ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ቢቩዋክ የተሰኘ የእጅ ሰዓት አወጣ። ባትሪ አልነበረውም፤ አየሩ የወጣለት ቀጭን የብረት ከረጢት በግፊት ሲኮማተርና ሲነፋ መርፌ እያዞረ ከፍታን ያሳይ ነበር። በ1989 የጃፓኖቹ ካሲዮና ሲቲዝን የኤሌክትሮኒክ ግፊት መለኪያ ያለባቸው ሰዓቶች ይዘው መጡ። በ1994 ካሲዮ ግፊትን፣ ሙቀትንና አቅጣጫን በአንድነት የሚለካ ባለ ሦስት ሴንሰር ሰዓት አቀረበ። ከዚያ የፊንላንዱ ሱንቶ በ1998 ቬክተርን፣ የስዊዘርላንዱ ቲሶ በ1999 ቲ-ታችን አስከተሉ። ሁሉም አንድ ችግር ነበረባቸው፤ ግፊት እንዲለካ አየር መግባት አለበት፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ ላብ፣ ሳሙናና አቧራ ይደፍነዋል። አየርን አሳልፈው ውሃን የሚያግዱ ስስ ሽፋኖች ይህን በጣም አቃለሉት። ዋናው ቋጠሮ ግን ያለው ከቀዳዳው ወዲያ ነው።

ቋጠሮው ግፊት ከፍታ አለመሆኑ ነው። ከላያችን ያለው አየር በክብደቱ ይጫነናል፤ ከፍ ባልን ቁጥር ከላይ የሚቀረው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። በባሕር ወለል አካባቢ የ1 ሄክቶፓስካል፣ ማለትም የአንድ የግፊት መለኪያ አሃድ፣ መቀነስ ወደ 8 ሜትር መውጣትን ያመለክታል፤ አዲስ አበባ ላይ ያው 1 ሄክቶፓስካል ወደ 11 ሜትር ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሸን አናት ደግሞ ወደ 14 ሜትር ይደርሳል። አየሩ ስለሚሳሳ ሴንሰሩ የሚሠራት ያችው ትንሽ ስህተት ተራራው ላይ በሜትር ስትቆጠር ትልቅ ትሆናለች። ከፍታ መለኪያው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቦታ ይበልጥ ይሳሳታል ማለት ነው።

ሰዓቱ ግፊቱን ወደ ሜትር የሚለውጠው ደግሞ መደበኛ ከባቢ አየር በሚባል ስምምነት ነው። ስምምነቱ በባሕር ወለል 15 ዲግሪ ሙቀት አለ፣ በየ1,000 ሜትሩም 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል ይላል። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየሩ ሙቀት 0 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት ግን ወደ 16 ዲግሪ ነው። ሞቃት አየር የላላ ስለሆነ ግፊቱ ከስሌቱ ቀስ ብሎ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከከተማዋ ዝቅተኛ ሰፈሮች ወደ እንጦጦ 800 ሜትር የወጣ ሰው ሰዓቱ ላይ የሚያየው ወደ 755 ሜትር ነው። የጎደለው 45 ሜትር የሴንሰሩ ጥፋት አይደለም፤ ሴንሰሩ ግፊቱን በትክክል ለክቷል። የጎደለው አየሩ ቀዝቃዛ ነው ከሚለው ግምት ነው። ይህን ለማረም የአየሩን ሙቀት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የአየሩን ሙቀት የሚለካው ቴርሞሜትር ግን ክንድ አሙቆታል። ሁለቱ ስህተቶች እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ አንዱን ሳይፈቱ ሌላውን መፍታት አይቻልም።

ከዚህ የባሰው ሰውየው ምንም ሳይንቀሳቀስ የሚሆነው ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች የአየር ግፊት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱም ከማታውም 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከቀኑም ከሌሊቱም 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ፀሐይ ከባቢ አየሩን በየቀኑ እያሞቀች የምታስነሳው ማዕበል ነው። ጀርመናዊው አሳሽ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት እ.ኤ.አ. ከ1799 እስከ 1804 ባደረገው የአሜሪካ አህጉር ጉዞ ይህን በሞቃቱ ክልል አይቶ፣ መደበኛነቱ ግፊቱን አይቶ ሰዓቱን ለመገመት እስኪያስችል መሆኑን መዝግቧል። የመውጣትና የመውረዱ ልዩነት ከ2 እስከ 3 ሄክቶፓስካል ቢሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ከ20 እስከ 30 ሜትር ከፍታ ሆኖ ይታያል። ከወንበሩ ያልተነሳ ሰው ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የወጣ ያህል ሰዓቱ ይመሰክርበታል።

በብዙ ሰዓቶች ላይ ያለችው የፀሐይ፣ የደመናና የዝናብ ምልክትም በዚህ ምክንያት እኛ ዘንድ ዋጋዋ ትንሽ ነው። ምልክቷ የተነደፈችው ለጃፓን፣ ለአልፕስ ተራሮችና ለሰሜን አውሮፓ ነው። እዚያ ዝናብ የሚመጣው በመቶዎች ኪሎሜትር በሚሰፉ የአየር ግንባሮች ነው፤ እነሱ ሲቀርቡ ግፊቱ ለሰዓታት እያሽቆለቆለ ይወርዳል። የሱንቶ ሰዓቶች የማዕበል ማስጠንቀቂያ የሚሰጡት ግፊቱ በ3 ሰዓት ውስጥ 4 ሄክቶፓስካል ሲወርድ ነው፤ ለዚያ አየር ጥሩ መለኪያ ነው። በኢትዮጵያ ክረምት ግን ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ነጎድጓዳማ ዝናብ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ ሲግተለተል እዚያው የሚፈጠር ነው። ዝናቡ ሲጀምር ከደመናው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ሲንጠፈጠፍ ግፊቱን አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያደርገዋል። በረዶ ጣራውን እየቀጠቀጠው ሰዓቱ አየሩ እየተሻሻለ ነው ሊል ይችላል። ምልክቷ በሐምሌ አንዳንዴ ብትመታም በአጋጣሚ ነው፤ ግፊቱ በየቀኑ የሚወርድበት ሰዓትና የክረምት ዝናብ የሚመጣበት ሰዓት ስለተቀራረቡ። በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለም፣ ግፊቱ በዚያው በ10 ሰዓት ይወርዳልና። ሰዓቱ ሳያውቀው የነገረን የአየሩን ጠባይ ሳይሆን የቀኑን ሰዓት ነው፤ ያንን ደግሞ አስቀድሞም ያውቀው ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሳል። ዛሬ ሰዓቶች ጂፒኤስ አላቸው፤ ከፍታውን ከሳተላይት መቀበል እየተቻለ ስለ ግፊት መጨነቅ ለምን? መልሱ የጂፒኤስ ድክመት ያለው እዚሁ ከፍታ ላይ መሆኑ ነው። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከአድማስ በላይ ናቸው፤ ከእግራችን ሥር ሆኖ ሚዛኑን የሚያስተካክል የለም። በዚህ ምክንያት የቁመት ስህተቱ ከአግድም ስህተቱ ይበልጣል፤ ሸለቆ ውስጥም ሲገባ ይብስበታል፤ ባትሪም ይበላል። የግፊት ሴንሰር በተቃራኒው በአጭር ጊዜ ውስጥ የአንድ ደረጃ ያህል መውጣትን ይለያል፤ በረጅም ጊዜ ግን ከአየሩ ጋር ይንሸራተታል። ስለዚህ አዳዲሶቹ ሰዓቶች ሁለቱን ያጣምራሉ፤ የደቂቃውን ከግፊቱ፣ የረጅሙን ከሳተላይቱ ይወስዳሉ። ብዙዎቹም ተሸካሚው እየተንቀሳቀሰ መሆን አለመሆኑን እያዩ የግፊቱን ለውጥ ለከፍታ ወይም ለአየር ጠባይ ይመድቡታል። ይህ በእርግጥ ትልቅ መሻሻል ነው። ቢሆንም ሶፍትዌር የሚያስተካክለው ሁለተኛ ምስክር ሲኖር ነው። ዳገት በዝግታ እየወጣ ያለ ሰው ላይ አየሩም አብሮ ቢለወጥ፣ ጂፒኤሱም በገደል ቢጋረድ፣ ምንም ዓይነት ስሌት ከአንዲት ቁጥር ውስጥ ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን አይለይም። ያልተለካን ነገር ብልሃት አይተካውም።

አቅጣጫ ጠቋሚው የቦታን ጉዳይ ከሌላ በኩል ያሳየናል። የምድር ማግኔት ኃይል ደካማ ነው፤ እንደየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ገደማ። በሰዓቱ ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ፣ የመንዘሪያው ሞተርና ማግኔት ያለው ማሰሪያ ከዚያ ሊበልጡ ይችላሉ። ሰዓቱ ከራሱ አካል የሚመጣውን መጀመሪያ መቀነስ አለበት፤ ተጠቃሚው እጁን በስምንት ቁጥር ቅርጽ እንዲያዞር የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የማዘንበል ችግር ይመጣል። የምድር ማግኔት መስመሮች በአብዛኛው ዓለም አግድም አይሄዱም፤ ቶኪዮ ላይ ወደ 49 ዲግሪ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ወደ 63 ዲግሪ ወደ መሬት ያቀረቅራሉ። በዚህ ምክንያት ቶኪዮ ያለ ሰው ክንዱን 10 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ ማዘንበሉን የማያርም ኮምፓስ እስከ 11 ወይም 12 ዲግሪ ይስታል፤ ስዊዘርላንድ ያለው እስከ 19 ወይም 20 ዲግሪ። አዲስ አበባ ግን ማግኔታዊው የምድር ወገብ በአጠገቧ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ መስመሮቹ አግድም ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀራቸው፣ የማዘንበሉም ስህተት ከሞላ ጎደል ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት አዲስ አበባ ላይ የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ የተተከለውም ስፍራው በዚህ ስለሚለይ ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ርካሹ ኮምፓስ ከሚጠበቀው በላይ ይሠራለታል፤ ውዱ የዝናብ ምልክት ግን ከሚጠበቀው በታች። አንድ ሰዓት በአንድ አገር ተፈትሾ "ትክክል ነው" ቢባል ትክክልነቱ የዚያ አገር ነው።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር መለኪያ ዕድሜው አጭር ሆነ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ጊር ኤስ በተባለው ሰዓቱ ላይ አስገብቶት፣ በቀጣዩ ዓመት በወጣው ጊር ኤስ2 ላይ አልታየም። የጨረር መረጃ ለደጋ አገር ሰው ጠቃሚ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጨረሩ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል። ነገር ግን ክንድ ወደ መሬት ይንጠለጠላል፣ እጅጌ ይሸፍነዋል፣ ጥላ ውስጥ ይገባል፤ የሚጎዳው ደግሞ ፊትና ትከሻ ነው። የድምፅ መለኪያው በአንጻሩ ተሳክቶለታል፤ ድምፅ እጅጌን ጥሶ ይደርሳልና፣ ጆሮ የሚሰማውና ክንድ የሚሰማው ብዙ አይራራቁም። አንዱ የወደቀበትና ሌላው የቆመበት ምክንያት የሴንሰሩ ጥራት ሳይሆን ክንድ ለዚያ ነገር ምስክር መሆን መቻል አለመቻሉ ነው።

አሁን ከሁሉ ከባድ ወደምለው መቃወሚያ ልምጣ። ተራው ገዢ ሳይንቲስት አይደለም፤ ጥቂት ቢሳሳትም ፍንጭ ይበቃዋል፤ በየቁጥሩ ላይ "ምናልባት" ቢጻፍበት ግራ ይጋባል፣ ሰዓቱንም ይተወዋል ይባላል። ሐሳቡ ውስጥ እውነት አለ። ሩጫውን የሚለካ ልጅ የ30 ሜትር ስህተት አይጎዳውም። ይሁንና አምራቹ ራሱ የሚያደርገውን እንይ። ካሲዮ ለዓመታት ከፍታን በ5 ሜትር እርከን ሲያሳይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሰዓት ወደ 1 ሜትር አወረደው። ሴንሰሩ በእውነትም ተሻሽሏል፤ ትንሹን ለውጥ ለይቶ ያያል። ግን በየቀኑ የሚወጣውና የሚወርደው ግፊት የሚያመጣው 30 ሜትር አልጠፋም። የመጨረሻዋን አሃዝ የሚያይ ሰው እሷም እውነት እንደሆነች ያምናል፤ አሃዟ የተጻፈችው ልትታመን ነውና። ስለዚህ ተጠቃሚውን ግራ ላለማጋባት የሚለው ክርክር ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ያልተረጋገጠን አሃዝ መተው ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ይልቅ ገጹን ያቀልለታል። ከፍታው ከተስተካከለ ብዙ ሰዓት ካለፈው በ10 ሜትር ይጠጋጋ፤ ሰዓቱ ክንድ ላይ ሳለ የሙቀቱ ቁጥር "የሰዓቱ ሙቀት" ተብሎ ይጻፍ፤ የዝናቧ ምልክት ተነሥታ በምትኩ ያለፉት የ24 ሰዓታት የግፊት መስመር ይታይ። መስመሩን ያየ የደብረ ብርሃን ገበሬም ይሁን የቦሌ ሠራተኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀኑን መውጣትና መውረድ ለምዶ ያልተለመደውን ይለያል። ሰው ያልተጣራ እውነት ሲሰጡት ይማራል፤ የተጣራ ግምት ሲሰጡት ግን ያምናል።

ጉዳዩ ከምቾት አልፎ የሕይወት የሚሆነው አየሩ ራሱ ሲመረዝ ነው። የአየር ጥራትን በክንድ ላይ ለመለካት የሚደረገው ጥረት ቀጥሏል። ጋዝ የሚለዩት ትንንሽ ሴንሰሮች የሚሠሩት ውስጣቸው ያለችውን ስስ የብረታ ብረት ኦክሳይድ በመቶዎች ዲግሪ በማሞቅ ነው። ለሽቶ፣ ለአልኮልና ለላብ እርጥበትም ይነቃሉ፤ ዕጣን በተጨሰበትና ቡና በተቆላበት ቤት አየሩ ተበላሸ ብለው ይጮኻሉ። ይህን ሰምቶ ማለፍ ይቻላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን እንዲህ አይታለፍም። በብርድ ወራት የከሰል ምድጃ ለኩሰው፣ በር ዘግተው በተኙበት ቤት ውስጥ ይህ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል። ለሕይወት ሲባል ሰዓት ላይ መለኪያው ይግባ፣ ቢሳሳትም ከምንም ይሻላል የሚል ሰው አሳቢ ነው፤ መልስ ይገባዋል።

የመኖሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች የአውሮፓ ደረጃ የሚጠይቀው በሚሊዮን 50 እጅ ጋዝ ሲኖር ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ፣ በሚሊዮን 300 እጅ ሲሆን በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲጮህ ነው። ይህን ለማሟላት መሣሪያው የክፍሉን አየር ያለማቋረጥ ማግኘት አለበት። የተኛ ሰው ክንድ ግን ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ውስጥ ነው፤ ሰዓቱም የሚለካው የጋቢውን ውስጥ ነው። ባትሪው አልቆ ኃይል መሙያ ላይ ተሰክቶ ሌላ ክፍል ያደረም ይሆናል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው መሣሪያ ከሰዓቱ ያነሰ ብልህ ቢሆንም ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው።

የከፋው ደግሞ አሁን በብዙ ሰዓቶች ላይ ያለው የደም ኦክስጅን መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ ኦክስጅንን አይቆጥርም፤ ቀይና ከቀይ በታች የሆነ ብርሃን ወደ ቆዳው ልኮ የደሙን ቀለም ያያል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሂሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ሲሆን፣ በእሱ የተያዘው ደም ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ለሰዓቱ ብርሃን ኦክስጅን የሞላው ደም ይመስለዋል። የታመመው ሰው እየታፈነ ሳለ ስክሪኑ 97 ወይም 98 በመቶ ሊል ይችላል። ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ የለካውን ቀለም በትክክል ለክቷል። የተሳሳተው ከቁጥሩ ጎን "የደም ኦክስጅን" ብሎ የጻፈው እጅ ነው። ስለዚህ ምንም ካለመኖሩ ይሻላል የሚለው እዚህ አይሠራም፤ ባዶ ክንድ ያለው ሰው ሲያመው ይጠራጠራል፣ ጥሩ ቁጥር ያየ ሰው ግን ተመልሶ ይተኛል። እንዲህ ያለ ሰዓት የሚነድፉና ወደ አገራችን የሚያስገቡ ሁሉ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም ከመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊያሰፍሩት ይገባል፦ ይህ ሰዓት የከሰል ጋዝ መመረዝን አያውቅም። አንባቢም ከሰል በተለኮሰበት ቤት ራስዎን ካመመዎት ወይም ካጥወለወለዎት ሰዓትዎን አይመልከቱ፤ በሩን ከፍተው፣ ልጆቹን ይዘው ይውጡ።